ጤዛ ለቃሚ

የመንገሻ ይመር ካርድ የወጣው እንደማንኛውም ሟች በአርባኛው ቀን ነው።

ፖስተኛዋ ረፋዱ ላይ ድንኳኑ በር ቆማ ኤንቨሎፑን ለሟቹ ሁለተኛ ልጅ ለትርሲት አስፈረመቻት። "እግዜር ያጽናችሁ" ብላ ቦርሳዋን አስተካክላ ወደሚቀጥለው ለቅሶ ቤት ሄደች። በዚያ ሳምንት በወይራ አምባ ከተማ አሥራ አንድ ካርዶች ወጥተው ነበር፤ ለፖስተኛዋ ሥራ የበዛበት ሳምንት አልነበረም።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ካርዱን የበኩር ልጅ ቆሞ ያነባል። ለቀስተኛው ሰሃኑን አስቀምጦ ያዳምጣል። መጀመሪያ ፍጡሩ ለሁሉም ይታያል፤ ቀጥሎ ቁጥሮቹ ይነበባሉ፤ መጨረሻ ላይ አንባቢው "ይህ ነበረ" ይላል፣ ሰዉም "ይህ ነበረ" ብሎ ይመልሳል። ካህኑ የሚያሳርጉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ያልነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። ሲጠየቁ ግን ያኔ የሞተ ሰው በምን ይታወስ እንደነበር አጥርተው መናገር ያቅታቸዋል።

ኅሩይ ካርዱን አውጥቶ ከፍ አደረገው። የትርሲት ታላቅ ወንድም ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በክፍለ ከተማው አስተዳደር የመዝገብ ኃላፊ ስለሆነ በሰው ፊት መናገር ለምዷል። ካርዱ ላይ አህያ የሚያህል፣ ስድስት እግር ያለው አውሬ ተስሏል። ቆዳው የዓሣ ቅርፊት ለብሷል። ጆሮዎቹ መሬት ይነካሉ። አንገቱን ደፍቶ በረጅም ምላሱ ከድንጋይ ላይ ጤዛ ይለቅማል። ከሥሩ "ጤዛ ለቃሚ። መንገሻ ይመር፣ የውኃ መስመር ሠራተኛ፣ ወይራ አምባ" ተብሎ ተጽፏል።

"ቁርጥ እሱን!" አለች አንዲት ጎረቤት። መንገሻ ሲሄድ የሚያቀረቅር ሰው ነበር። ሰዉ ፈገግ አለ።

"ትዕግሥት፣ ሰማንያ ስምንት" ሲል ኅሩይ አነበበ። "ድፍረት፣ አርባ አንድ። ርኅራኄ፣ ሰባ ዘጠኝ።" ከዚያ ቆመ።

"ቀጥል እንጂ ልጄ" አሉ ካህኑ።

"ታማኝነት፣ አሥራ ሁለት።"

የሟቹ ባለቤት አምሳለ ከጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ሆና "ድገመው" አለች። ኅሩይ ደገመው። እናቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በጨዋታ ላይ ታማኝነቱ ከሃያ በታች የሆነ ፍጡር በሦስተኛው ዙር ጌታውን ትቶ ወደ ተቃራኒው ተጫዋች ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ካርድ ሰው "ከጂ" ይለዋል። ከጂ እጁ ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ መሸነፉን ያውቃል።

"ይህ ነበረ" አለ ኅሩይ።

መልሱ ከአራት ከአምስት ሰው ብቻ መጣ።

*

ካርዱ በስድስት መቶ ቅጂ ታትሞ ሰኞ ጠዋት ሱቆች ገባ። አምስት አምስት እየሆነ በፓኬት ይታሸጋል፤ ማን ከማን ጋር እንደታሸገ ሳይከፈት አይታወቅም። ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ይከፍታል፣ ምሳ በልቶ ይከፍታል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ይጫወታል። የማያውቁት ሰው አባት ኪስ ውስጥ ይዞ መዋል ከተለመደ ቆይቷል።

ትርሲት መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ዓይን ትለካለች፣ መስታወት ትቆርጣለች። ረቡዕ ዕለት አንዲት አስተማሪ ተራዋን ስትጠብቅ ፓኬት ከፈተች።

"የጭጋግ ጅብ፣ ይህ አለኝ። ባለ ሦስት ጥላ ሚዳቋ፣ ጎሽ!" አለች ለራሷ። ከዚያ ፊቷን አኮማተረች። "ውይ፣ ከጂ ወጣብኝ።"

ጤዛ ለቃሚውን ለሁለት አጥፋ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ወደ ትርሲት ዞራ "ምስሉስ ቆንጆ ነበር" አለች፣ እንደማዘን ብላ።

"አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ" አለቻት ትርሲት። የግራ ዓይኗን ለካች፣ የቀኝ ዓይኗን ለካች፣ ቁጥሩን ጽፋ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ኅሩይ መጣ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የመጣው ስለ ትልቋ ልጁ ስለ ናርዶስ ነው። ናርዶስ ታጭታለች፤ ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች የሰባት ሰባት ሟቾቻቸውን ካርድ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ።

"የልጁ ቤተሰቦች ለኅዳር ሃያ ቀጠሮ ይዘዋል" አላት። "አባባን ከመሃል ማውጣት አልችልም። መጀመሪያ የሚያዩት የቅርቡን ሟች ነው።"

"ናርዶስ ምን አለች?"

"ምን ትላለች፤ ታለቅሳለች። ይግባኝ በይ፣ ትርሲት። ሃያ አንድ ቀን አለሽ። መዝገቡን ማስከፈት የሚችለው ተጠሪው ብቻ ነው፤ አባባ ደግሞ አንቺን ነው ያስመዘገበው። ለምን እኔን እንዳላደረገኝ እንጃ።"

"ስሕተት ነው ብለህ ታምናለህ ጋሼ?"

"አርባ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው እኮ ነው! አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር አይተሽው ታውቂያለሽ? በዝናብ ይሄዳል፣ አሞት ይሄዳል። ስሕተት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

እሷም እንደዚያው ታስብ ነበር። አባትና እናቷ አብረዋት ይኖሩ ስለነበር አባቷ ማለዳ ገና ሳይነጋ ጫማውን ሲያጠልቅ ትሰማው ነበር።

*

የመታሰቢያ ፍጡራን ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይግባኝ ሊል የመጣ ሰው መጀመሪያ አስረጂ ጋ ይቀርባል። የትርሲት አስረጂ አቶ አሥራት የሚባሉ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ትርሲት ከፊታቸው አስቀድማ ያየችው መነጽራቸውን ነው፤ የግራው መስታወት ከቦታው ተንሸራቷል።

"ቁጥሩ ግምት አይደለም" አሉ አቶ አሥራት። "አባትዎ ሥራ ላይ የሚያደርጉት ጓንት እጃቸው የት እንደነበረ ይመዘግባል። እጃቸው ምን እንዳደረገ ግን አይመዘግብም።" አንድ ወረቀት ወደ እሷ አዞሩ። "ቫልቭ ሃያ ሰባት የሚባል የውኃ መዝጊያ አለ፤ ላይኛው ገደል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለዘለቄታው እንዲዘጋ ታዘዘ፤ አባትዎ ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተመልሰው ሄደው ነክተውታል። ሁልጊዜ ማለዳ፣ ሥራ ሳይገቡ። ይህ ከትእዛዝ መውጣት ይባላል።"

"ለምንድን ነው የሄደው?"

"መዝገቡ 'ለምን' የሚል ቦታ የለውም።"

"ታዲያ በሕይወት እያለ ለምን ማንም አልጠየቀውም?"

"የሚደመረው ሰው ሲሞት ነው" አሉ አቶ አሥራት።

ከዚያ፣ በቃል የተጠና በሚመስል አነጋገር፣ ይግባኝ ከተባለ መርማሪ ቫልቩ ድረስ ሄዶ እንደሚያይ፣ በቂ ምክንያት ከተገኘ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል፣ አንዳንድ ጊዜ እስከ ሰማንያ የደረሰም እንዳለ ነገሯት። ብዕር ሰጧት።

"መጀመሪያ ላስብበት" አለች።

"ብዙ ሰው እዚሁ ይፈርማል።"

"አውቃለሁ። ግን ላስብበት።"

*

ላይኛው ገደል በካርታ ላይ የለም። ተራራው ስለተሰነጠቀ ነዋሪው ሁሉ ወደ ቆላው እንዲወርድ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታዞ፣ መብራቱ ተቆርጦ፣ ትምህርት ቤቱ ተቆልፎ፣ ሰፈሩ ከመዝገብ ተፍቋል። ከመዝገብ ለተፋቀ ሰፈር አገልግሎት መስጠት ክልክል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ያወቀ ሰውም በሦስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ትርሲት እዚያ ሰው አለ ብላ አልሄደችም። አባቷ የነካውን ብረት ለማየት ነው የሄደችው።

ቫልቭ ሃያ ሰባትን ያገኘችው በግራር ቁጥቋጦ ተከልሎ ነው። ዙሪያው ያለው አፈር እርጥብ ነበር። ከቁጥቋጦው የሚወርደው ቀጭን መንገድ በእግር ብዛት ተደልድሏል። መንገዱን ተከትላ ወረደች፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አየች። አንድ ሁለት አልነበሩም። ልብስ ተሰጥቷል። ጎመን በቅሏል።

ዕድሜያቸው ሰባ የሚሆን ሴትዮ ከአንዱ በር ወጥተው ትኩር ብለው አዩዋት።

"ማን ልበል?" አሉ።

"መንገድ ጠፍቶብኝ ነው።"

"እዚህ መንገድ የሚጠፋበት ሰው የለም፤ መንገድም የለንም" አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ጠጋ ብለው ፊቷን አዩ። "አንቺ የመንገሻ ልጅ ነሽ። ግንባሩ ነው ይህ።"

ትርሲት ቆማ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ሴትዮዋ እማማ ዘሃራ ይባላሉ፤ ክንዷን ይዘው ወደ ቤት አስገቧት። "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" እያሉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉላት፤ ውኃ ቀድተው ሰጧት። ከጠጣች በኋላ ነው ነገሩን ያወሩላት።

እንዲወርዱ ሲታዘዙ መቶ አርባ ቤተሰብ አልወረደም። ቆላው ላይ ቀድመው የወረዱት በወባ አለቁ የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበር። ቫልቩ የተዘጋ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ እዚያው ቆሞ አየ። በማግሥቱ ማለዳ የዘጋው ሰውዬ ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ ከፈተውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ሁሉም እንስራውን ሲሞላ መልሶ ዘጋው።

"'ነገም ትመጣለህ ወይ?' ብዬ ጠየቅሁት" አሉ እማማ ዘሃራ። "'እንጃ' አለኝ። በነጋታው መጣ። እንደገና ጠየቅሁት። 'እንጃ' አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'እንጃ' እንዳለ መጣ። ሊሞት ሰሞን፣ ሲደክመው ጊዜ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። አሁን የምንከፍተው ራሳችን ነን። መስመሩ አሮጌ ስለሆነ ቆጣሪ የለውም፤ ማንም አያውቅብንም።"

ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ካርድ ነው። ሠላሳ አንድ ጤዛ ለቃሚ። አንዱም ጫፉ አልታጠፈም።

"ሌላውም ቤት ሁሉ አንድ ሁለት አለው" አሉ። "ልጆቻችን ከተማ ለቀን ሥራ ሲወርዱ ይለዋውጡልናል። ባሌን ሰጥቼ ነው ሁለቱን ያመጣሁት። ባሌ ጥሩ ካርድ ነበር፤ ድፍረቱ ዘጠና። አይከፋውም።"

ትርሲት ወደ ከተማ ስትመለስ የአቶ አሥራትን ብዕር ታስብ ነበር። ብትፈርም መርማሪው ያንን ቀጭን መንገድ ይከተላል። የአባቷ ቁጥር ምናልባት ሰማንያ ይገባል። በማግሥቱ ግን ቫልቩ ይነቀላል።

*

ለኅሩይ ልትነግረው አስባ ነበር። ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አውርታ ተመለሰች። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከአምስት ዓመት በፊት ሚዜው የነበረ ጓደኛው ያለፈቃድ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሩን ሲያውቅ በሁለተኛው ቀን አሳውቆ ነበር፤ ጓደኛው ሲታሰር ስንቅ ያመላለሰለትም እሱ ራሱ ነው። ሁለቱንም ነገር ከልቡ ነው ያደረገው። ትርሲት ያንን አልረሳችም።

ሃያ አንዱ ቀን አለፈ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ኅሩይ ቤቷ መጣ፤ ሳይቀመጥ ጠየቃት።

"ምን አሉ?"

"አልሄድኩም።"

"ምን ማለት ነው አልሄድኩም?"

"ሥራ በዛብኝ። ቀኑ አለፈብኝ።"

"ቀኑ አለፈብኝ" አለ ኅሩይ ቀስ ብሎ። "የአባትሽን ስም ለማንሣት ለአንድ ፊርማ ጊዜ አጥተሽ? ልጄ እንጀራ መብላት ትታለች፤ አንቺ ቀኑ አለፈብኝ ትያለሽ?"

"ይቅርታ አድርግልኝ ጋሼ።"

"ጋሼ አትበይኝ። ከእንግዲህ እኅት አለኝ አልልም።"

በሩን ሳይዘጋ ሄደ። እናታቸው አምሳለ ጓዳ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ አልወጣችም።

ኅዳር ሃያ ቀን የልጁ ቤተሰቦች መጡ። ሰባቱን ካርድ አዩ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ መልካም ምኞት ተናገሩ፣ "እናስብበት" ብለው ተነሡ። ሌላ ቀጠሮ አልያዙም።

*

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ አቶ አሥራት መነጽር ቤቱ መጡ።

"መስታወቱ ተንሸራቷል መሰለኝ" አሉ።

"ግራው ነው። ያን ዕለት አይቼዋለሁ" አለች ትርሲት። መነጽሩን ተቀብላ ማስተካከል ጀመረች። አቶ አሥራት ያለመነጽር ዓይናቸው ትንሽ ሆኖ ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ።

"ካርድ ያለበትን ቦታ ያሳውቃል፤ ይህን ያውቃሉ" አሉ። "የአባትዎ ቅጂዎች ስድስት መቶ ናቸው። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ አንድ ቦታ ተከማችተዋል። ካርታው ላይ ቦታው ባዶ ነው።"

የትርሲት እጅ ቆመ።

"ከጂ ካርድ የሚሰበስብ ሰው የለም" ሲሉ ቀጠሉ። "ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምክንያቱ ይጣራል። የወሩ ሪፖርት ሰኞ ጠዋት ይወጣል። እሑድ ማታ ካርዶቹ የት እንዳሉ ነው የሚያየው፤ ከዚያ በፊት የት እንደነበሩ አያይም።"

"ለምን ነገሩኝ?"

"ተጠሪ ነዎት። ስለ ካርዱ ሁኔታ ማሳወቅ ሥራዬ ነው።" እጃቸውን ዘረጉ። መነጽሩን ሰጠቻቸው። አደረጉትና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። "አሁን ይታያል" አሉ። አመስግነው ወጡ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ትርሲት በማግሥቱ ሥራ ቀርታ ላይኛው ገደል ወጣች። እማማ ዘሃራ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ አሥራ አምስት ያህል ሰው ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

"እሺ፣ ምን እናድርግ ነው የምትይው?" አለ አንድ ጎልማሳ።

"ካርዱን መጣል ነው። ነገና ከነገ ወዲያ፣ ልውውጥ ሜዳ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆናችሁ። የማይፈለግ ካርድ የሚጣልበት ሣጥን አለ።"

"ሣጥኑ ጋ ያለችው ጸሐፊ ምክንያት ትጠይቃለች" አለች አንዲት ወጣት ሴት። "ድምፅሽን ትቀዳለች።"

"'ከጂ ነው' በሉ። ከጂ ሲጣል ማንም አይገርመውም።"

እማማ ዘሃራ ተነሡ።

"ልጄ" አሉ፣ "እኔ ያንን ሰው ዘጠኝ ዓመት እዚያ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። ዝናብ ሲመታው አይቼዋለሁ። አሁን በአፌ ከጂ ልበለው?"

"እሱ ቢኖር ምን የሚል ይመስልዎታል?"

እማማ ዘሃራ አሰቡ። "'እንጃ' ነው የሚለኝ" አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ጨርቁን ይዘው ወጡ።

*

ቅዳሜ ልውውጥ ሜዳው እንደወትሮው ሞልቶ ነበር። ሰው ካርዱን ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ያስማማል፤ አያቱን ሰጥቶ ሁለት እንግዳ ይወስዳል። የሚጣልበት ሣጥን በሜዳው ጫፍ፣ ከዋርካው ሥር ነው። ጸሐፊዋ ጃንጥላ ዘርግታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሰልፉ ረጅም አይደለም፣ አጭርም አይደለም።

ትርሲት ከላይኛው ገደል የመጡትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ እነሱ ግን እንደተነጋገሩት የማያውቋት መስለው አለፏት። ያ ጎልማሳ ሰባት ካርድ ይዞ ቀረበ።

"ምክንያት?"

"ከጂ ነው።"

ካርዶቹ ወደቁ። ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን ጣሉ፤ ድፍረቱ አነስተኛ ነው፣ ምስሉ ደብዝዟል፣ በዝቶብኛል። ቀጥሎ ያቺ ወጣት ሴት።

"ምክንያት?"

"ከጂ ነው።" ፈጥና ሄደች፤ የሜዳውን አጥር ስትሻገር ግን መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰው ደክሟት መስሎት አለፋት።

እንዲህ እያለ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። በመጨረሻ እማማ ዘሃራ መጡ። ከኋላቸው ሁለት ሰው፣ ከዚያም ትርሲት ነበረች፤ የቤታቸውን ካርድ ይዛ፣ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፋ።

"ምክንያት?" አለች ጸሐፊዋ።

እማማ ዘሃራ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

"እናቴ፣ ምክንያቱን ይንገሩኝ። ሳይነገር አይጣልም።"

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ጸሐፊዋ መቅጃውን ጠጋ አደረገችና ካርዶቹን አየች፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየች። "ይህን ያህል ጤዛ ለቃሚ ከየት አመጡት?" አለች።

ትርሲት ከሰልፉ ወጣች።

"ከጂ ስለሆነ ነዋ!" አለች ጮክ ብላ። "ሴትዮዋ የሰው ስም ማጥፋት ከብዷቸው ነው። እኔ ልጁ ነኝ፣ እኔ ልንገርሽ። ከፓኬት እየወጣ ሰው ሁሉ ሲጥለው እሳቸው አዝነው ያነሡታል። መንገሻ ይመር ከጂ ነበር። አሥራ ሁለት ራሱ በዝቶበታል። የእኔንም ውሰጂው።"

የያዘችውን ካርድ ጣለች። ከእማማ ዘሃራ እጅ ጨርቁን ወስዳ ፈታችና ሠላሳ አንዱንም አንድ ላይ ሣጥኑ ውስጥ አራገፈችው። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ዞሮ አያት። አንድ ሰው ሳቀ። "እንዲህም ልጅ አለ!" አለ ሌላው፣ እንዲሰማ አድርጎ። ከሰዎቹ መካከል የኅሩይ ጎረቤት ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ጸሐፊዋ ጻፈች። "ቀጥሎ" አለች።

እማማ ዘሃራ ባዶውን ጨርቅ ተቀብለው፣ ሳይዞሩ፣ ወደ ተራራው መንገድ ሄዱ።

*

ሪፖርቱ ሰኞ ወጣ። ስለ ጤዛ ለቃሚ የሚያወራው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ተፈላጊነት የለውም፣ ዳግም አይታተምም።

ወሬው እናቷ ጋ የደረሰው ግን ከሪፖርቱ በፊት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ትርሲት ስትገባ አምሳለ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

"በሰው ፊት ሰደብሽው አሉ።"

"አዎ እማዬ።"

"ጥሩ" አለች አምሳለ።

ትርሲት የሰማችው አልገባትም። እናቷ ዓይኗን ከግቢው በር ሳታነሣ ቀጠለች።

"ሥራው የሚጀምረው አንድ ሰዓት ነው። እሱ ከቤት የሚወጣው ሌሊት አሥር ተኩል። ሞኝ መሰልኩህ ብዬው አላውቅም፤ ግን አውቅ ነበር። ጫማው ላይ ጭቃ ይዞ ይመጣል። በጋ ሆኖ፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ፣ እሱ እርጥብ ጭቃ። ከአንዷ ግቢ ነው የሚወጣው ብዬ ደመደምኩ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው በላሁ፣ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ደግ ቃል አልወጣኝም። ሊሞት ሲል እጄን ያዘኝ፤ ቀማሁት። እና አሥራ ሁለት ሲባል ምን ይገርመኛል? እኔ ዜሮ ነበር የምሰጠው።"

ትርሲት አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ቫልቩን፣ ድንጋዩን፣ መቶ አርባ ቤቱን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እንጃ" እያለ መሄዱን፤ ካርዱን ማን እንደሰበሰበውና ለምን እንደተጣለ። አምሳለ አላቋረጠቻትም። ትርሲት ጨርሳ ስትመለከታት እናቷ የራሷን መዳፍ ገልብጣ እያየች ነበር።

"ለምን አልነገረኝም?" አለች በመጨረሻ።

"ብታውቂ አንቺም ትጠየቂ ነበር።"

"ትጠየቂ ነበር" አለች አምሳለ። "ውኃው አሁንስ ይደርሳቸዋል?"

"ይደርሳቸዋል። ቁልፉ እነሱ ጋ ነው።"

"ኅሩይ እንዳይሰማ።"

"አይሰማም።"

"ልጄ ነው፤ አውቀዋለሁ" አለች አምሳለ። "አልቅሶ ይጽፈዋል።"

ኅሩይ እስከ ዛሬ ትርሲትን አያናግራትም። ናርዶስን ሌላ ሰው አላጫትም። መነጽር ቤቱ ውስጥ አንዳንድ ደንበኛ ትርሲትን ሲያያት ዝም ይላል፣ ወይም ባልደረባዋ እንድትለካው ይጠይቃል።

አምሳለ ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ መቃብሩ ጋ ሄዳ አታውቅም ነበር፤ ሰው ጉልበቷን የሚያማት ይመስለው ነበር። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለትርሲት "አትከተይኝ" ብላ ብቻዋን ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ እንደተናገረው መቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ እስከ ስድስት ሰዓት ስታወራ ቆየች። ከዚያ ቀኝ እጇን አፈሩ ላይ አሳርፋ ዝም አለች፤ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ ድረስም አላነሣችውም።